አንድሮይድ ቴፕ ለአሮጌ ኮሮላ፦ ብሩ የት ቢገባ ይሻላል?

ለሚቸኩል ሰው ውጤቱን መጀመሪያ ላስቀምጥ። ባለ 7 ኢንቹ የቻይና አንድሮይድ ቴፕ፣ ያ ባለ ስክሪኑ፣ ከ10 አምስት ያገኛል። ከኋላ ያስገባኋቸው ስፒከሮች 8። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራውን የሠራልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ግን 9 ነው። አንዷን የቀነስኩበት ሰው ቀጥሮ ስለሚያረፍድ ነው እንጂ በሙያው አይደለም።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ የ1998 ሞዴል። ከኔ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች ሊብሬው ይናገር። ሞተሯ ደህና ነው፣ ቦዲዋም ለዕድሜዋ አይከፋም። አሁን ደግሞ አሮጌ መኪና ሸጦ በሻል ያለ መቀየር እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለችኝን ይዤ መኖሬ ካልቀረ ቢያንስ ሙዚቃዋ ይስተካከልልኝ አልኩ።

የነበረው የካሴት ቴፕ ችግር አንድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የቀኝ በኩል ድምፅ ይመጣል ይሄዳል፣ በሩን ጠበቅ አድርጌ ስዘጋው ይመለሳል፣ ኮረኮንች ላይ ስገባ ደግሞ ይጠፋል። ነዳጅ ስረግጥ ከስፒከሩ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፣ እግሬን ሳነሳ አብሮ ይወርዳል። መኪናዋን ባጠፋኋት ቁጥር የያዝኩት ጣቢያ ይጠፋል፣ ሰዓቱም እንደ አዲስ ይጀምራል። ካሴት ካስገባችሁበት ይበላዋል። ይሄ የመጨረሻው ብዙም አላሳዘነኝም፣ ዛሬ ካሴት ያለው ማን ነው?

መጀመሪያ የጠየቅኩት ባሕር ዳር ያለ አንድ ሱቅ ነው፣ ስሙ ይቅር። ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ መኪናዋን በመስኮት አይቶ «ይሄ ሁሉ ተነቅሎ ነው የሚጣለው» አለኝ። ቴፕ፣ ስፒከር፣ ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ ቤዝ የሚመታው ሰብዉፈር፣ ሁሉም አዲስ። ዋጋውን ሲነግረኝ «መኪናዋንም ጨምረህ ነው?» አልኩት። አልሳቀም።

ደብረ ማርቆስ ያለው ልጅ ሌላ ሰው ነው። ሱቁ ጠባብ ናት፣ ማስታወቂያ የላትም፣ መኪናው ውጭ መንገድ ዳር ቆሞ ነው የሚሠራው። ሸቀጥ ብዙም አይሸጥም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል መጀመሪያ ያለኝ «ጋሼ፣ ስለ ቴፑ በኋላ እናወራለን፣ መጀመሪያ ሽቦውን እንየው» የሚል ነው።

ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈታቶ ቴፑን ወደ ፊት ሲስበው ከኋላው የወጣው ነገር የተዘረገፈ የበግ አንጀት ይመስላል። ቶዮታ ከፋብሪካ ሲያወጣት ሁለት ሶኬት ነበራት፣ አንዱ ባለ 10 ሌላው ባለ 6 ቀዳዳ። ሁለቱም ተቆርጠው ተጥለዋል። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ በእጅ ተጠማዘው ተያይዘዋል። አንዳንዱ ናስትሮ አለው፣ አንዳንዱ ናስትሮው ሙጫው በሙቀት ቀልጦ ተንሸራቷል፣ አንዱ ላይ ደግሞ እውነቴን ነው የቁስል ፕላስተር ነው የተለጠፈው። ልጁ ፕላስተሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረና «ይሄ ሐኪም ነው የሠራው» አለ።

ጣቢያው ለምን እንደሚጠፋ እዚያው ታወቀ። ከገበያ የሚገዛ ቴፕ ሁሉ ሁለት የኃይል ሽቦ አለው። ቢጫው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፣ መኪናው ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው፣ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች በቃሉ የሚይዘው በሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኘው ነው። የኔዎቹ ሁለቱም አንድ ላይ ተጠማዘው ቁልፉ ላይ ታስረዋል። ቁልፍ ሲጠፋ ቴፑ ሁሉንም ነገር ይረሳል። ተቃራኒውም አለ፣ ሁለቱንም ባትሪ ላይ የሚያስሩ አሉ። ያኔ ቴፑ ቁልፍ ተነቅሎም አይጠፋም፣ በእጅ ማጥፋት የረሳችሁ ቀን ጠዋት መኪና የምትገፋ ሰፈር ትሰበስባላችሁ።

የቀሩትን ቀለሞችም እግረ መንገዴን ልጻፋቸው፣ ለሚነካካ ሰው ይጠቅማሉ። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው። ሰማያዊ ነጭ መስመር ያለው አምፕሊፋየር ማስነሻ ነው። ነጩ የፊት ግራ፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ ስፒከር ነው፣ ጥቁር መስመር ያለባቸው ጥንዶቻቸው ደግሞ ኔጋቲቭ ናቸው። ይሄ ግን የገበያው ቴፕ ቀለም ነው እንጂ የመኪናዋ አይደለም። ቶዮታ የራሱ ቀለም አለው፣ የኔዋ ላይ ማሳው ቡናማ ነው። ቀለም ከቀለም ብቻ እያያችሁ አታጣምዱ።

ፉጨቱ የማሳው ጣጣ ነበር። ጥቁሩ ሽቦ ዳሽቦርዱ ውስጥ ካለ ቀለም የተቀባ ቁራጭ ብረት ጋር በአንድ ላላ ብሎን ታስሯል። ልጁ ቴስተሩን አውጥቶ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ከዚያ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ለካ። ደህና ማሳ ቢሆን ዜሮ ሊሆን ምንም አይቀረው ነበር፣ የኔው ግን ግማሽ ቮልት ገደማ አሳየ። ያ ልዩነት ነው ከዲናሞው የሚመጣውን ሞገድ ወደ ድምፁ የሚያስገባው፣ ለዚህም ነው ሞተሩ ሲፈጥን ፉጨቱ የሚቀጥነው። ቦዲው ላይ ሌላ ቦታ መርጦ በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ልጦ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገውና ወፍራም ሽቦ አሰረለት። ፉጨቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የቀረችው ትንሿ የምትሰማው ስልኬን የሲጋራ መለኮሻው ላይ ቻርጅ እያደረግኩ በገመድ ሳጫውት ብቻ ነው። እሷ የርካሽ ቻርጀር ችግር ናት። ቻርጀሩን መንቀል ወይም በብሉቱዝ ማጫወት ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ባትሪውንም ለካው። ጠፍታ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ 14 ገደማ። ይሄ ጤነኛ ነው። ሞተር ተነስቶ ከ13 በታች ካሳያችሁ ቴፕ መግዛቱን ተዉትና ዲናሞውን አስጠግኑ፣ አዲስ ቴፕም ስታገቡ ያንኑ ድካም ነው የሚሰማችሁ።

ቀኝ በር ጋ ስንደርስ ነው ልጁን የወደድኩት። የባሕር ዳሩ ሰው «ተቃጥሏል» ያለውን ስፒከር ከበሩ ፈትቶ አወጣና ከኪሱ የሪሞት ባትሪ አወጣ፣ ያቺ ባለ 1.5 ቮልቷን። ሁለት ቁራጭ ሽቦ አድርጎ የስፒከሩን ሁለት ምላስ ነካ ነካ አደረገ። ጧ፣ ጧ። ወረቀቱ ወደ ፊት ይዘልላል። በቴስተር ሲለካ 3 ከምናምን ኦም፣ ባለ 4 ኦም ስፒከር ማንበብ ያለበት ልክ ያንን ነው። ስፒከሩ ጤነኛ ነው! ታዲያ ችግሩ የት ነው? በሩና ቦዲው መሀል ያለችውን ጥቁር የጎማ ቱቦ ታውቋታላችሁ፣ በር ስትከፍቱ የምትታየዋን። ሽቦው በሷ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ በር በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል። ከሃያ ዓመት በላይ ስትታጠፍ የኖረች ሽቦ፣ ከላይ ላስቲኳ ሙሉ ነው፣ ውስጥ መዳቧ ተበጥሷል። ልጁ ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርጎ ሽቦዋን ወዲህ ወዲያ ሲያወዛውዛት ጢጥ ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ጢጥ ትላለች። ጥቂት ሳንቲ ሜትር አዲስ ሽቦ ቀጠለ፣ በየደው፣ አለቀ። አዲስ ስፒከር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እሱም ኮረኮንች ላይ ዝም ይል ነበር።

የግራው ግን በርግጥ ሞቷል። የበሩ ውስጥ ላስቲክ፣ ያ ከፓነሉ ጀርባ የሚለጠፈው፣ ድሮ ተቀዶ ተጥሏል። የመስኮቱ ውሃ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ነው የሚወርደው። በኛ አገር ክረምት፣ በተለይ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ለሚመላለስ ሰው፣ የወረቀት ስፒከር ያለ ላስቲክ አይኖርም። ስፒከር የምትቀይሩ ከሆነ ላስቲኩን አብራችሁ አስመልሱ። ወፍራም ፕላስቲክም ቢሆን ይሠራል።

ለዚህ ሁሉ የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ አንድ ጊዜ ነዳጅ ከመሙላት ያንሳል። ብሩን በቁጥር አልጽፈውም፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር መሳቂያ ነው የሚሆነው።

እንግዲህ ወደ አንድሮይዱ። ለኋላ ካሜራና ለካርታ ስክሪን እፈልግ ስለነበር ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። ማርካ ብሎ ነገር የለውም፣ ካርቶኑ ላይ የመኪና ሥዕልና ብዙ ቁጥር ብቻ። ልክ ነው የገባው፣ ይሄን ልመስክርለት። የእነዚህ ቴፖች ድርብ መጠን 18 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የቶዮታ ክፍተት ደግሞ 20 በ10። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፣ የሚሸፍን የፕላስቲክ ጠርዝ አብሮ መምጣት አለበት። የኔው አልመጣም። ልጁ ከሌላ መኪና አግኝቶ ገጠመልኝ፣ ባይኖር ኖሮ ዳሽቦርዷ ጥርስ እንደወለቀባት ትቀር ነበር።

ካርቶኑ ላይ «4 በ60 ዋት» ይላል። ከጀርባው ያለው ፊውዝ 10 ነው። 10 አምፒር በ14 ቮልት ስናባዛ 140 ዋት ነው፣ ያውም ስክሪኑ የሚበላው ሳይቀነስ። አራት ጊዜ 60 ደግሞ 240። ከ140 ውስጥ 240 የሚያወጣ ሰው ካለ እኔም ልጎብኘው። እውነቱ እንዲህ ያለ ቴፕ፣ ማርካ ያለውም ጭምር፣ ሳይንጫጫ የሚሰጠው ለአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ያ አይናቅም፣ መኪና ውስጥ ይበቃል። የሚያናድደው ውሸቱ ነው። ሚሞሪው ላይም እንደዚሁ። ሴቲንጉ ውስጥ 4 ጊጋ ይላል፣ ሃርድዌር የሚመረምር አፕ ጭኜ ሳየው 2 ነው።

አጠቃቀሙስ? ቁልፍ አዙሬ፣ ቀበቶ አስሬ፣ ከግቢ ወጥቼ፣ በሩን ዘግተውልኝ መንገድ ከያዝኩ በኋላ ነው ድምፅ የሚመጣው። እስከዚያ የአንድሮይዱን አርማ ነው የማየው። የሚዞር የድምፅ ቁልፍ የለውም፣ በጎን በኩል በጣት የሚነኩ ነጠብጣቦች ናቸው። አስፋልት ላይ ችግር የለም። ኮረኮንች ላይ ድምፅ ልቀንስ ብዬ ስነካው ሰው ልደውል ደርሻለሁ። ዓይንን ከመንገድ ያስነሳል፣ ይሄ በግሌ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ማታ ደግሞ ብርሃኑ ፊት ላይ ነው የሚያበራው። ደህና ቴፕ የመኪናው መብራት ሲበራ ስክሪኑን የሚያደበዝዝ ሽቦ አለው፣ የኔው ሽቦው አለው ግን ከውስጥ ከምንም አልተያያዘም። በእጄ ነው የምቀንሰው።

ኤፍ ኤሙ ከድሮው ካሴት ቴፕ ያንሳል። ያው አንቴና፣ ያው ቦታ፣ ያው ጣቢያ፣ የድሮው ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ አዲሱ ይሻክራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ወርዳችሁ ደጀን እስክትወጡ የሚጠፋው ግን የቴፑ ጥፋት አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ገደል ውስጥ ገብቶ አይፈልጋችሁም። እዚያ ላይ «ቴፕህ አይሠራም» ብሎ ለሚነዘንዛችሁ ተሳፋሪ ይሄን ንገሩት።

ሌላው ባትሪ ነው። እነዚህ ስክሪኖች ቁልፍ ሲነቀል አይጠፉም፣ ይተኛሉ። ቶሎ ለመነሳት ሲሉ ትንሽ ትንሽ እየጠጡ ያድራሉ። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አይታወቅም። መኪናውን አቁሞ ለሚከርም ሰው ግን፣ መንገድ ተዘግቶም ይሁን ነዳጅ ጠፍቶ፣ ባትሪው ያልቃል። ሴቲንግ ውስጥ «ወዲያው ይጥፋ» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን አድርጉ። አነሳሱ እንደሆነ ቀድሞም ቀርፋፋ ነው፣ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

ጥሩ ጎኑንም ልናገር። ብሉቱዙ ወዲያው ይገናኛል፣ ስልክ ስናወራ ድምፅ ጥሩ ነው፣ ማይኩን ግን ከቴፑ ላይ ካለው ይልቅ በሽቦ አውጥታችሁ ከመሪው ፊት ለፊት አስለጥፉት። ካርታው ኔት በሌለበትም ይሠራል። ጂፒኤሱ ከሳተላይት ነው የሚያነበው፣ ኔት የሚፈልገው ካርታውን ለመጫን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ካርታውን አስቀድማችሁ ጫኑት፣ በኛ በኩል ዳታ ላይ ተማምኖ መንገድ መውጣት አይቻልም። ለፍላሽ ደግሞ ፎርማቱን ፋት 32 አድርጉት፣ ሌላው ላይ እያነከሰ ነው የሚያነበው።

ጎረቤቴ ዲኤክስ፣ አሮጌዋ ኮሮላ ውስጥ ያለው ፓዮኒር የሚባል ማርካ ያገለገለ ቴፕ ነው፣ ነጠላው፣ ቁመቱ የድርቡ ግማሽ የሆነው፣ ዩኤስቢና ብሉቱዝ ያለው። ቁልፍ ሲዞር ይነሳል። የሚዞር ቁልፍ አለው፣ ሳያይ ይቀንሳል ይጨምራል። ኤፍ ኤሙ የኔን አስር ጊዜ ያስከነዳል። ካርታና ካሜራ የማይፈልግ ሰው ከሆናችሁ እንዲህ ያለውን ግዙ፣ የተረፋችሁን ብር ስፒከር ላይ አድርጉት። አስመስሎ የተሠራው ግን ገበያውን ሞልቶታል። በእጃችሁ መዝኑት፣ እውነተኛው ከጀርባው የብረት ሙቀት ማስወጫ ስላለው ከበድ ይላል፣ የውሸቱ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የካርቶኑን ፊደልም አንብቡ፣ አንድ ፊደል ከጎደለ መልሱት።

ወደ ስፒከር ስመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት ነው። 500 ዋት፣ 800 ዋት። እርሱት። ቴፓችሁ ከ15 እስከ 20 ዋት ነው የሚሰጠው ብለናል። መታየት ያለበት በትንሽ ኃይል ምን ያህል ይጮኻል የሚለው ነው፣ በዲሲቤል ይጻፋል። 92 የሚል ስፒከርና 89 የሚል ስፒከር መሀል ያለችው ሦስት ዲሲቤል የቴፑን ኃይል እጥፍ እንደማድረግ ናት። እኔ የመረጥኩት 92 ያለውን ነው፣ ከፊት ክቡን ስድስት ተኩል ኢንቹን፣ ከኋላ ሞላላውን 6 በ9 ኢንቹን። አምፕሊፋየር የለኝም፣ አልፈለግኩትምም።

ከኋላ ያለው የኮሮላ መደርደሪያ ካርቶን ነገር ነው። ስፒከሩን እዚያ ላይ በቀጥታ ካሰራችሁት ቤዙ ሲመታ መደርደሪያው አብሮ ያጨበጭባል። ልጁ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ከሥር አደረገለት፣ በብሎን ከብረቱ ጋር አጠበቀው። ድምፁ ያን ጊዜ ነው ሙሉ የሆነው። የሽቦውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም በዚያችው በሪሞት ባትሪ አረጋገጠ፣ ወረቀቱ ወደ ፊት ከወጣ ልክ ነው። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል፣ ቤዙ ይጠፋል። ብዙ ሰው «ስፒከሩ ቤዝ የለውም» ብሎ ሰብዉፈር የሚገዛው በዚህ ነው።

ሰብዉፈርን በተመለከተ ከጓደኞቼ ጋር አንስማማም። የዛሬ ልጆች ኮፈኑ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሚፈልጉት። መብታቸው ነው። እኔ መንገድ ላይ የምሰማው መሲንቆ፣ ዋሽንትና ቀረርቶ ነው። መሲንቆ ጭራው ክሩን ሲፍቀው ያለችው ሻካራ ድምፅ፣ ዋሽንት ውስጥ ደግሞ ከዜማው አብራ የምትሰማው ትንፋሽ፣ ሁለቱም መሀልና ከፍ ያለው ድምፅ ውስጥ ናቸው ያሉት። ቤዙን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር እነሱን ትሸፍናላችሁ። እኔ ላውድነሱን፣ ቤዝ የሚጨምረውን ምርጫ፣ አጥፍቼ፣ ቤዙን ሁለት ዝቅ፣ መሀሉን አንድ ከፍ አድርጌ ነው የምነዳው። የበሩ ስፒከር የሚያወጣው እግራችሁ ሥር ስለሆነ ትንሿን ቱዊተር፣ የቀጭን ድምፅ ስፒከሯን፣ ከመስታወቱ ጥግ ከፍ አድርጋችሁ አስለጥፉ። ዘፋኙ ከጉልበታችሁ ወደ ፊታችሁ ይመጣል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ደግሞ ነበር። የተቀደደ ስፒከር የሚሰጠው ዝርር የሚል ድምፅ አለ። ሥራው ያለቀው በዓብይ ጾም ነበርና መጀመሪያ የከፈትኩት በገና ነው። ልጁ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ደቅኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ ሲመላለስ ቆየ። አንዱ ስፒከር ተበላሽቷል ብሎ ሊፈታው ነው። «ልጄ፣ በገናው ነው የሚዘረዝረው» አልኩት። የዜና ጣቢያ ከፍተን የሰው ንግግር አሰማነው፣ ንጹሕ ነው። ስፒከር በበገና አይፈተሽም።

ቪትዝ ያላችሁ ደግሞ ጣጣችሁ ሌላ ነው። ከጃፓን የመጣው ቴፕ ኤፍ ኤሙ የሚጀምረው ከ76 ነው፣ የሚያበቃው 90 ላይ፣ አዳዲሶቹ 95። የአዲስ አበባዎቹ 97.1፣ 98.1፣ 102.1፣ የባሕር ዳሩም 96.9 ሁሉም ከሱ በላይ ናቸው። ቴፑ ጤነኛ ነው፣ የማያውቀው ሰፈር ነው። ከአንቴናው ጋር የሚቀጠል ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ነገር አለ፣ ጣቢያዎቹን ወደ ታች ያወርድለታል፣ ድምፁ ግን ትንሽ ይጎዳል። ሌላው፣ የአንዳንዶቹ የቶዮታ ስክሪን ባትሪ ሲነቀል ይቆለፍና ኮድ ይጠይቃል፣ በጃፓንኛ። ባትሪ ከማስቀየራችሁ በፊት ባለሙያውን ጠይቁት፣ ሌላ ባትሪ በትይዩ አስሮ ኃይሉ ሳይቋረጥ መቀየር ይቻላል።

የልጁን ሥራ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ቀጠሮውን በአንድ ሰዓት ደምራችሁ ያዙት። ደረሰኝ የለውም፣ ዋስትናው ቃሉ ነው። እስካሁን ቃሉን አላጠፈም፣ ከኋላ አንድ ሽቦ ላልታ ስመለስ ያለ ክፍያ ነው ያሰረልኝ። የትም ብትሄዱ ግን የፋብሪካው ሶኬት ገና ያልተቆረጠባችሁ ከሆነ አታስቆርጡ። የቶዮታውን ባለ 10 እና ባለ 6 ሶኬት ከገበያው ቴፕ ጋር የሚያገናኝ ተሰኪ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ያለ ናስትሮ ያለ ፕላስተር ጠቅ ብሎ ይገባል።

የኋላ ካሜራው ገና አልተገጠመም። የኋላ ማርሽ መብራቱ ሽቦ ላይ ነው የሚታሰረው፣ የኔ መብራት ደግሞ ራሱ አይበራም። ማክሰኞ ቀጥሮኛል፣ ረቡዕ እንደሚሆን አውቄ ነው የምሄደው።